ከመመርመሩ በፊት ስለሚታጠበው የግራ የኋላ ጎማ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ጥገናና ስምሪት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ፊርማ የሚያኖረው ቀኝ እጅዎ ደህና ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የጤና ጣቢያዎቻችን መኪኖች ሁሉ የሚንቀሳቀሱት በእሱ ነውና አንድ ቀን ቢያምዎ ሁላችንም በእግራችን መሄዳችን ነው። እኔ ከግቢዎ በር ፊት ለፊት ባለው ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ዘርግቼ የምውል፣ በጉልምስናዬ የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ፣ አሁን ደግሞ ወጪ ወራጁን መተረብ ሥራዬ የሆነ ሽማግሌ ነኝ። የበር ጥበቃዎችዎ «አባ ነገሬ» እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ፤ ስሙ ስለተስማማኝ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ዛሬ ግን ለጨዋታ አልጻፍኩም፤ ቢመስልም አይደለም። የልጅ ልጄ አዋላጅ ናት። በክፍልዎ ሥር ባለችው፣ እኛ «እሜቴ» በምንላት፣ በአራቱም ጎማ በምትጎትት አሮጌ መኪና ቁልቁለቱን ወርዳ ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ወደ ሆስፒታል ታመጣለች፤ የወለዱትንም ትመልሳለች። የእሜቴ የግራ የኋላ ጎማ ይይዛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት አራስ ከነሕፃኗ ተሳፍራ ሲወርዱ፣ ዝናብ ባረጠበው ጠመዝማዛ ላይ ሹፌሩ ፍሬን ነካ ቢያደርግ ያ ጎማ ጨርሶ ተቆለፈ፤ የመኪናዋም ጀርባ ወደ ገደሉ ዞረ። ያቆማት በመንገዱ ዳር የተደረደረው ድንጋይ ነው። ድንጋዩን የደረደረው የእርስዎ ክፍል ስላልሆነ ምስጋናዬን ለሌላ መሥሪያ ቤት ልኬአለሁ።

ሰኞ እሜቴ እንደገና ትወርዳለች። ከታች መንታ ያረገዘች፣ ቀኗ የደረሰ ሴት ትጠብቃታለች። እንግዲህ ቅሬታዬን በተርታ ላቅርብ፤ ተርታ እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ ጎማ ከልብ አመሰግናለሁ። ሹፌሩ መኪናዋ ወደ ግራ ትስባለች፣ ከኋላ የተቃጠለ ነገር ይሸታል ብሎ ሲያመለክት፣ ክፍልዎ ሳይውል ሳያድር ጎማውን በአዲስ ቀየረለት። ቁርጭምጭሚቱ ለዞረበት ሰው አዲስ ጫማ መግዛት የደግ ሰው ሥራ ነው። አሁን እሜቴ በአዲስ ጫማ ታነክሳለች።

ሁለተኛ፣ ለሹፌሩ ስለተሰጠው ምክር። ፍሬን አብዝቶ መርገጡን እንዲተው በደብዳቤ ተገሥጿል። ይህ ሰው በፍጥነት የሚታማ አይደለም፤ ሰፈራችን «ቀንድ አውጣው» ብሎ የሚጠራው ሰው ነው፤ ቁልቁለቱንም ሁልጊዜ በከባድ ማርሽ እያንፏቀቀ ይወርደዋል። ያም ሆኖ መታጠፊያ ላይ ፍሬን መንካቱ አይቀርም። ጨርሶ እንዳይነካ ከተፈለገ፣ ደብዳቤው መጻፍ የነበረበት ለተራራው ነው።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ይታገሡኝ። የዚያን ዕለት ሹፌሩ መኪናዋን እንደምንም ከቁልቁለቱ ግርጌ አድርሶ ደወለልኝ፤ እኔም በጎረቤቴ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጬ፣ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ አጥንትህን ማን ይለቅምልሃል?» እያለች ከኋላ ስትሰድበኝ ወረድኩ። እንደ ደረስኩ ኩሽኔታው ነው ብዬ ፈረድኩ። የልጅ ልጄ ግን የሕፃን ግንባር እንደምትዳስስ አድርጋ የእጇን ጀርባ ወደ ሁለቱም ጎማዎች ካስጠጋች በኋላ፣ «አባባ፣ የቀኙ ለብ ብሏል፤ ይኼኛው ትኩሳት ላይ ነው» አለችኝ። ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፈን፣ ማርሹን ነፃ አድርገን፣ የታመመውን በክሪክ አነሣነው። በእጃችን ብንገፋው አልዞረም። ወዲያና ወዲህ ብንነቀንቀው ደግሞ አልተወላወለም፤ ስለዚህ ኩሽኔታው ከክስ ነፃ ወጣ፤ እኔም አፈርኩ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅን፣ ገመዱንም ፈታን፤ አሁንም እንደ ያዘ ነው። የፍሬን ዘይቱ ለሁለቱም የኋላ ጎማዎች በአንድ ቱቦ መጥቶ የሚከፋፈል ነውና ቱቦው ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ቀኙም አብሮ በያዘ ነበር፤ ቀኙ ግን ብናነሣው እንደ ልቡ ይሾራል። የቀረው እንግዲህ ከውስጥ ነው፦ ወይ የፍሬን ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ሲሞቅ ወጥቶ አልመለስ ይላል፣ ወይ ሸራውን የሚመልሰው ሞላ ደክሟል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት፣ ታምቡሩ፣ ሲከፈት ብቻ ነው። ታምቡር ለመክፈት ደግሞ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ብረቱ ቀዝቀዝ ሲል ጎማው ራሱ ለቀቀ፤ ገመዱን መልሰን አሰርን፣ እሜቴም በራሷ ሞተር እየተንፏቀቀች ዳገቱን ወጣች። ከግቢዎ በር ስትደርስ ጎማው እንደገና ግሎ ይጨስ ነበር። እኔም «አሁንስ በዓይናቸው አዩት» ብዬ እፎይ አልኩ። ለካስ ደንብዎን አላወቅሁም ኖሯል። በክፍልዎ ደንብ አቧራ የለበሰ መኪና ወደ ምርመራ ክፍል አይገባም። ስለዚህ እሜቴ መጀመሪያ ወደ መታጠቢያው ተመራች፤ በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በግፊት ሲለቀቅበት የጮኸው ጩኸት እስከ በረንዳዬ ድረስ ተሰማ። ጭሱ ጠፋ፣ ሽታው ጠፋ፣ ትኩሳቱም ጠፋ። ምን ማድረጉ እንደሆነ አጣቢውን ብጠይቀው፣ «አባባ፣ እኔ የታዘዝኩት ጭቃ ነው፤ ጭስ አልታዘዝኩም» አለኝ። ተወልውላና አምሮባት አድራ በማግስቱ ስትገባ፣ መርማሪዎ ጎማውን በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ «ይኸው እንደ እንዝርት ይሾራል! ምን ያስለቅሳችኋል?» አለ።

እውነቱን ነው፤ ሾሯል። የታመመን ልጅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ሲያበቃ ግንባሩን የሚዳስስ ሐኪም ቢኖር፣ በዘመኑ አንድም ትኩሳታም አያገኝም ነበር። እኛ ተራ ሰዎች ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን፤ እርስዎ ዘንድ ግን ጅቡ ታጥቦና ተሸኝቶ ሲያበቃ ነው ውሻው የሚጠራው። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው እንደሚችልም ላነሣ አስቤ ነበር፤ ንጽሕና ጠላ እንዳልባል ትቼዋለሁ።

አራተኛ፣ «እክል አልተገኘበትም» ስለሚለው መልስዎ። አጭር፣ ግልጽና በሚያምር ማኅተም የታጀበ ነው። አራሷ ስላየችው ነገር ግን እሷም አጭር ቃል አላት፤ ለእርስዎ የሚነገር ባለመሆኑ አልጻፍኩትም።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አንዲት ናት። ከሰኞ በፊት ታምቡሩ ይከፈት። ጊዜ ካጠረ ደግሞ መርማሪዎ ዛሬውኑ እሜቴን ቁልቁለቱን አውርዶ፣ ከግርጌው ሲደርስ፣ ሳትታጠብ፣ ከነጭቃዋ፣ ከነጭሷ ያን ጎማ በእጁ ይንካው። ጓንት ቢያደርግ እመክራለሁ። ይህም ካልተቻለ በግቢዎ ጥላ ሥር ሸራ ለብሳ የምትውለው የእርስዎ መኪና ሰኞ የልጅ ልጄን ትውሰድልን፤ ስትመለስ እኔ ራሴ አጥቤ አስረክባለሁ፤ ጉዳዩ ውኃ እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።

በቤቴ በኩል ያለውን ሁሉ ሞክሬ ተረትቻለሁ። የልጅ ልጄን «ሰኞ አትሄጂም» ብላት፣ «አባባ፣ ምጥ የኃላፊ ፊርማ አይጠብቅም» አለችኝ። «እንግዲያው በሩ ላይ ወንበሬን ዘርግቼ መኪናዋን እዘጋታለሁ» ብላት፣ «ዝጋት፤ በእግሬ እወርዳለሁ» አለች። ታደርገዋለች። ግትርነቷን ከማን እንደ ወረሰች ባለቤቴ በየዕለቱ ታስታውሰኛለች። እኔ ልጅቷን ማስቆም አልቻልኩም፤ መኪናዋን ማስቆም የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጎማው ሳይፈታ ሰኞ ከነጋ፣ እኔም ከጎኗ፣ በግራ በኩል ካለው የኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ሲሸተኝ እጮሃለሁ፤ ሌላ የማደርገው የለኝም። የእኔ መንገድ አብዛኛው ተነድቶ አልቋል፤ የእሷ ግን ገና ነው፤ ከታች የምትጠብቃት ሴት የያዘቻቸው ሁለቱማ ጭራሽ አልጀመሩትም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አዲሱ ጎማ፣ ስለ ውኃውም ሳይቀር እጅግ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና ለእርስዎ፣ ማስተዋልን ደግሞ ለክፍልዎ በያለበት እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአዋላጇ አያት፣
ከበርዎ ፊት ለፊት፣ ከበረንዳው

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ወር የእርስዎ መኪና ከበረንዳዬ ሥር ስትደርስ አንዳች ድምፅ አሰምታ ቆማ ነበር። ያው መርማሪዎ መፍቻውን ይዞ እየሮጠ ወጣ፤ ከነሙሉ ልብሱ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ ሞተሯ ሳይቀዘቅዝ፣ አቧራዋ ሳይነካ፣ እርስዎም ከመቀመጫዎ ሳይነሡ በሽታዋን አገኘው። ስለዚህ ክፍልዎ ሙያ ጎድሎታል ብሎ የሚያማዎትን ሁሉ ስከራከርልዎ ሰንብቻለሁ፤ ሙያውማ ሞልቷል፣ የሚሮጠው ግን ማን እንደ ተቀመጠባት አይቶ ነው።