ለማድቤቱ የመረጥኩት ጣውላ

ይድረስ ለልጄ ለያምሮት፣ ድሬዳዋ።

የሰማይ አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ሙቀቱ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ያሳደገችሽን አክስትሽን ሳሚልኝ።

ማድቤቱን እያሳደስኩ ነው። ቆመው የሚሠሩበት መደብ ላሠራ ብዬ፣ ላዩ በምን ይሁን እያልን ስንከራከር ሰነበትን። ግንበኛው መልካሙ በሲሚንቶ ተገንብቶ ሴራሚክ ይልበስ ይላል። ጎረቤቴ ናዚፋ እብነ በረድ ካልሆነ አለች። እኔ ለማጽዳት ይቀላል ብዬ ለሴራሚኩ እሺ ብዬ ነበር።

መልካሙ ሜትሩን ዘርግቶ፣ «እትዬ፣ በማን ቁመት ላድርገው?» አለኝ።

«በልጄ» አልኩት።

«ምን ያህል ትሆናለች?»

እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ናዚፋ በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ሴትዮ፣ ያምሮት እኮ ነርስ ሆናለች! ለሕፃን ነው እንዴ የምታሠሪው?» አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከአክስትሽ ጋር ስትሄጂ የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ብሎብሽ፣ አንስቼ ያስገባሁሽ እኔ ነበርኩ። ዓይኔ የያዘው ያንን ቁመትሽን ነው።

ከዚያ ሲሚንቶውን ተውኩት፤ የዋንዛ ጣውላ ይሁንልኝ አልኩ። መልካሙ፣ «ውሃ ይጎዳዋል፤ ኋላ ይቆጭዎታል» ብሎኛል። ግን ጣውላ በብሎን ስለሚታሰር ከፍም ዝቅም ይደረጋል። ሲሚንቶ አንዴ ከደረቀ ደረቀ ነው። ለጊዜው በእኔ ቁመት ይታሰር ብያለሁ።

ዘንድሮም ለጥምቀት ሥራ እንዳልለቀቀሽ ገብቶኛል። ለፋሲካ ከለቀቀሽ መጥተሽ ቁሚበትና ይስተካከላል። ካልተመቸሽም ቁመትሽን በክር ለክተሽ በፖስታ ላኪልኝ።

ከአንቺና ከክሩ ለሚመጣው፣ መንገዱን አምላክ የቀና ያድርግልኝ።

እናትሽ አምለሰት፣ ፍኖተ ሰላም