ለጫማ ነጋዴ ልጅ የተሸለመ ጫማ

ጥቅምት 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ የ«ባዶ እግር ይብቃ» ዘመቻ ሰብሳቢ
ባሉበት

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ አላህ ለእርስዎና ለልጆችዎ ጤናን ከነሁለት እግሩ እንዲያድል እመኛለሁ። እኔ በየገበያው ቀን ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ ጫማ ይዤ የምዞረው ሀምዱ ነኝ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋን ልጄን ናጂሃን ያውቋታል፤ ፎቶዋ ከቢሮዎ ግድግዳ ላይ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ ልዘርዝር።

፩. የግራ ተረከዟ አብጦ ወደሚመሩት ጤና ጣቢያ ባመጣኋት ጊዜ ጫማዋን እንኳ ሳያስወልቁ፣ ዝሆኔ ነው፣ በባዶ እግር ከመሄድ የመጣ ነው ብለው ስለፈረዱልን እናመሰግናለን። ልጅቱ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ጫማ ተለይቷት እንደማያውቅ ብነግርዎ፣ በእኛ ቀይ አፈር ላይ እግር ካበጠ ሌላ በሽታ ሊሆን እንደማይችል በትዕግሥት አስረድተውኛል።

፪. ራጅ እንድትነሳ ሪፈር ይጻፍልን ብዬ በተመላለስኩ ቁጥር፣ ሪፈር መጻፍ ዘመቻው አልሠራም ብሎ መመስከር ስለሚሆንብዎ፣ ለግምገማ የሚቀርበውን ሪፖርት ከእንከን ጠብቀው ሳሙናና ቅባት እየጨመሩ መልሰውናል። ናጂሃ «የሚያመኝ ቆዳዬ አይደለም፤ አጥንቴ ውስጥ ነው» ብላ ነግራዎት ነበር። ልጅ ምን ታውቃለች ብለው ሳቁባት።

፫. በዘመቻው መዝጊያ በዓል መድረክ ላይ አውጥተው፣ የዘመቻው ፍሬ ናት ብለው ከእኔው መደብ ያስገዙትን ጫማ ሸልመዋታል። ሕመሙ ሲያንገዳግዳትም ፎቶ አንሺው እስኪጨርስ ደግፈው ስለያዙልኝ ውለታዎ አለብኝ።

በመጨረሻ ያለ እርስዎ ወረቀት ገበያዬን ትቼ አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሞቹ ያገኙት በወጣት እግር ላይ እምብዛም የማይታይ የአጥንት ካንሰር ነው። ብርቅ በሽታ ነውና ለምን አላወቁም ብዬ አልከስዎትም፤ አለማወቅ በማንም ይደርሳል። እኔ የምጠላዎት ለማየት እምቢ ስላሉ ነው። ቀደም ብላ ብትመጣ እግሯን የማትረፍ ዕድል ነበረ አሉን። አሁን ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል፤ በሽታው ወደ ሳንባዋ አልፎ እንደሆነ ገና እየጠበቅን ነው። ባለፈው ሳምንት በሰው የላኩብኝ የ«አይዞህ» መልእክት ደርሶኛል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ፎቶዋ ከግድግዳው፣ እርስዎም ከወንበርዎ ሳትወርዱ አላህ ያቆያችሁ፤ ሁለታችሁን አንድ ላይ አይቶ የሚፈርድ ሰው አይጠፋም።

በታላቅ አክብሮትና በማይበርድ ቂም፣
ሀምዱ ማህዲ፣ የናጂሃ አባት

ማሳሰቢያ፦ የሽልማቱን ቀኝ ጫማ ናጂሃ አስቀርታዋለች፤ ትምህርት ቤት ትሄድበታለች። ግራው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። አንድ እግር ጫማ ገዢ እንደሌለው በሙያዬ አውቃለሁ፤ እርስዎን ግን ይጠቅምዎታል። በሚቀጥለው በሽተኛ ላይ ከመፍረድዎ በፊት፣ ጫማ እንዴት እንደሚወለቅ ይለማመዱበት።