መጋዘኔን በጉም ውስጥ ወደ ትምህርት ቤቱ ላስጠጉልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የርቀት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ ከጤናዎም ሁሉ በተለይ የዓይንዎን ጤና አብዝቶ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። እኔ በወንዙ ዳር መንገድ ላይ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀለምና የቀለም ማቅጠኛ ስሸጥ የኖርኩ፣ ያየሁትን ሁሉ ማታ ማታ በማስታወሻ ደብተሬ የምጽፍ ነጋዴ ነኝ። ዛሬ ደብተሬን ትቼ ለእርስዎ በአደባባይ የምጽፈው፣ መጋዘኔን እስከዚህ ወር ሠላሳ ድረስ እንድዘጋ ያዘዙበት ደብዳቤ ስለ ደረሰኝና ምስጋናዬን በልቤ ብቻ መያዝ ስላቃተኝ ነው።

ደንቡ ተቀጣጣይ ዕቃ የሚቀመጥበት መጋዘን ሁሉ ከትምህርት ቤት በር ቢያንስ ሦስት መቶ ሜትር ይራቅ ይላል። ልጆቼ እዚያው ስለሚማሩ ደንቡን የምደግፈው ከእርስዎ በፊት ነው። መጋዘኑን ስከራይ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋር ገመድ ይዘን ለክተነው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ሆኖ ነበር። የእርስዎ አዲሱ የሌዘር ርቀት መለኪያ ግን አርባ አንድ ሜትር አለው። ስለዚህ ቅሬታ ማለት ቢከብደኝ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ያለ ጭነት መኪናና ያለ ወዛደር፣ አንዲት ጣሳ እንኳ ሳትፈስ፣ መጋዘኔን አምስት መቶ ሰባ አንድ ሜትር ስላንቀሳቀሱልኝ አመሰግናለሁ። በማስታወሻዬ እንደሚታየው በተከታዩ ማክሰኞ፣ ካፊያ በነበረበት ቀን፣ መሣሪያውን ይዞ የሚዞረው የጽሕፈት ቤትዎ ቀያሽ አቤቱታዬን ሰምቶ ለራሱ ማወቂያ ሲሞክረው ሃያ ሦስት ሜትር ሆነ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ መጋዘኑ እንዲህ በየሳምንቱ የሚራመድ ከሆነማ እግረ መንገዱን ልጆቹን ትምህርት ቤት ያድርስልን ብላለች።

ሁለተኛ፤ መሣሪያው የተመረጠበትን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም። የነጋዴዎች ተወካይ ሆኜ በግዥ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ሁሉን አይቻለሁ። ሁለት መሣሪያዎች ቀረቡ። አንደኛው ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያለው፣ ለጉምና ለዝናብ የሚዞር ማስተካከያ የተገጠመለት ሲሆን፣ ካርቶኑ ላይ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ተጽፎበታል። ሌላው ወርቃማ፣ ኪስ የሚገባና ካርቶኑ ላይ ሦስት ሺህ ሜትር የተጻፈበት ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ ኮሚቴው ሦስት ሺህን አይቶ ወደደ። ወርቃማው ከወንበርዎ እስከ ነጩ ግድግዳ ተሞከረ፣ አሥራ አንድ ሜትር አለ፣ ተጨበጨበ። ማልደን ወጥተን ከወንዙ ዳር እንሞክረው ብዬ ስለምን፣ ጸሐፊዎ ግድግዳው እዚሁ እያለልን ብርድ ላይ ወጥተን ምን እንሠራለን አሉኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ሐሳብ የለም፤ ጭብጨባው ግን አለ።

ክቡርነትዎ ከነጋዴ ምክር የሚቀበሉ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር እነግርዎ ነበር። እኔ ደንበኛዬን ቀለም የምሸጥለት በጣሳው ክዳን አይደለም፤ ትንሽ ወስዶ በራሱ ግድግዳ፣ በራሱ ዝናብና ፀሐይ እንዲሞክረው ነው የምሰጠው። ሦስት ሺህ የሚለው ቁጥር ሰማዩ ጠርቶ፣ መሣሪያው ሳይነቃነቅ፣ ብርሃኑ የሚያንጸባርቅ ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ የሚሠራ ነው። የእኔ ግድግዳ ደግሞ ደብዛዛ ቡናማ ነው፤ በጠራ ቀን እንኳ የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ነው። ጉም ሲኖርማ ብርሃኑ የጉሙ ጠብታ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ያ የተናቀው ጥቁር መሣሪያ በቅርብ የሚመለሰውን ትቶ የሩቁን እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። የእርስዎ ወርቃማ ግን መጀመሪያ ያገኘውን ይቆጥራል። በአጭሩ፣ የለካው መጋዘኔን ሳይሆን ጉሙን ነው፤ ጉሙ ደግሞ ንግድ ፈቃድ የለውም።

ሦስተኛ፤ ለሰዓት አክባሪነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መሣሪያው ቁም ሳጥንዎ ውስጥ ተቆልፎበት ሰንብቶ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳል። በከተማችን የወንዙ ጉም የሚገፈፈው አራት ሰዓት ላይ እንደሆነ ከእርስዎ በቀር የማያውቅ የለም። ጉሙ አንድም ማክሰኞ ቀርቶ አያውቅም፤ ከሠራተኞችዎ መካከል እንዲህ ያለ ሥራ አክባሪ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

አራተኛ፤ በጠራ ፀሐይ እንደገና ይለካልኝ ብዬ ሳመለክት፣ ማህተም ያረፈበት ቁጥር ለአንድ ዓመት አይነካም የሚል መልስ ሰጡኝ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ሲባል ነበር ያደግነው፤ እርስዎ አንዴ ለክቶ አሥር ጊዜ መቁረጥን አስተማሩን።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ አንዲት የጠራች ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እዚያው ትምህርት ቤት በር ላይ አብረን እንድንቆም ነው። ገመዱን እኔ አመጣለሁ። ይህ ካልተቻለ ግን አራት ሠራተኞቼና እኔ በሠላሳ ከሥራ እንወጣለን፤ ጉሙም እንደ ልማዱ በቦታው ይቀራል።

በጭጋግ ውስጥ ሳይቀር ከሩቅ የሚታየኝን ክብርዎን እጅ እየነሳሁ፣ በአርባ አንድ ሜትር ርቀት የቆምኩ ታዛዥዎ፣
የወንዝ ዳሩ ቀለም ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ልረሳት ጥቂት ቀርቶኝ የነበረች አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ደንቡ ተቀጣጣይ ዕቃ የሚቀመጥበት ሁሉ ይለካ ስለሚል፣ ቀያሹ ቅን ሰው ነውና የእኔን በለካበት ጠዋት፣ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ ዞር ብሎ የጽሕፈት ቤትዎን የጄኔሬተር ናፍጣ መጋዘንም ለክቷል። በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬደው መንገድ ሠላሳ ስምንት ሜትር ሆኗል። ሰነዱን ሳያዩት ማህተምዎን አሳርፈውበታል፤ ግልባጩ በእጄ ነው። ስለዚህ ከእኔ ይልቅ ሦስት ሜትር ቀርበው ለትምህርት ቤቱ የሚያሰጉት እርስዎ ሆነው ተገኝተዋል፣ በራስዎ ሕግም ቁጥሩ ለአንድ ዓመት አይነካም። በሠላሳ ለመውጣት አይቸገሩ፤ የጭነት መኪናዬን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በመጀመሪያ ወደ እርስዎ እልካለሁ። ሾፌሩ በጉሙ ሕንፃውን እንዳያጣው፣ ከትምህርት ቤቱ በር ሠላሳ ስምንት ሜትር ቆጥሮ እንዲያቆም ነግሬዋለሁ።