የእሷ ድርሻ ስንት ካሎሪ ነው?

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን የሥነ ምግብ ባለሙያ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንደ ሚዛንዎ ያልተዛነፈ ይሁን። እኔ ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ከጥርሴ ግማሹ የራሴ ነው፤ መጋዝ እስላለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ መርፌ ላይ ክርም ሰው ሳልለምን አስገባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ፣ ያውም ባለቤቴ እየኮረኮመችኝ ስለሆነ፣ ጽሑፌ ቢንጋደድ ወቀሳው ለእሷ ነው፤ እሷም ከሞተች ዓመት አልፏታል። ይህን ወረቀት መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የምለጥፈው ሌሎች ታካሚዎችም ደግነትዎን እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ በቀን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ካሎሪ እንዳላልፍ ስለወሰኑልኝ አመሰግናለሁ። ካሎሪ የሚባለውን በዓይኔ አይቼው ባላውቅም፣ እርስዎ ያለ ስፍር ያለ ወንፊት ሆዴ ውስጥ ቆጥረው ስላገኙት እጅዎ ይባረክ።

ሁለተኛ፣ «ምን ያህል ይበላሉ?» ቢሉኝ «የሁለት ሰው» ብዬ መለስኩ፤ እርስዎም «አባባ ቀልደኛ ነዎት» ብለው ከት ብለው ሳቁ። በዚህ ዕድሜዬ ወጣት ማሳቄ ኩራት ነው፤ ግን አልቀለድኩም። ባለቤቴ አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ከመኝታ ቤት ሆና እየጮኸች ምግብ ማብሰል አስተማረችኝ፤ ሩዙን በዚያች ጆሮዋ በተሰበረ ኩባያ ሁለት፣ ድንቹን አራት፣ «ጨው ቀንስ፣ አንተ ሽማግሌ!» እያለች። ያስተማረችኝ ሁሉ የሁለት ሰው ነው። የአንድ ሰውን ሳታስተምረኝ ሄደች። ግማሽ ማድረግ አቅቶኝ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስከፍል የኖርኩ አናጢ ነኝ፤ እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ድርሻዋን ለጎረቤቴ ባደርስ «አባባ፣ ከእንግዲህ አይቸገሩ» አለችኝ፤ ጨዉ በዝቶባት መሆን አለበት። አንድ ቀን ቆሻሻ ውስጥ ደፋሁት፤ ሲወድቅ የተሰማኝ ድምፅ ሳጥኗ ላይ አፈር ሲመለስ የሰማሁትን መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እበላላታለሁ። ውፍረቴ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ እንኳ አይደለም፣ ጭንቅ ነው። መቃብሯ ደረጃው የበዛ ኮረብታ ላይ ነው። የራስጌዋን ሰሌዳ በመላጊያ አለስልሼ፣ ስሟን ፈልፍዬበት፣ በር ጀርባ አቁሜዋለሁ፤ እስከዚያው ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ሥር ተኝታለች። አማቼ «እኔ ላድርሰው» ቢለኝ አሻፈረኝ አልኩ፤ የሚስቴን ራስጌ ለሰው አላሸክምም። ጉልበቴ ግን ከሁለተኛው ደረጃ አያልፍም፤ የአጥንት ሐኪሙም «ሳይከሱ ቢላ አላነሳም» ብሎኛል። እንግዲህ እሷ ዘንድ ለመድረስ የእሷን ድርሻ መተው አለብኝ። ይህ በሠንጠረዥዎ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሚገባ ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁት።

ቢሆንም ትእዛዝዎን ተቀብያለሁ። ከነገ ጀምሮ በኩባያዋ አንዴ ብቻ እሰፍራለሁ።

ዕዳዬን ግን ማንም እንዳይከፍልልኝ፤ እኔው እከፍላለሁ፦ ለጎረቤቴ፣ ያለ ጥፋቷ ስላኮረፍኳት ይቅርታ፤ ለልጄ፣ በስልክ «ደህና ነኝ» እያልኩ የደበቅኳትን እውነት፤ ለሐኪሙ የጠየቀኝን ኪሎ፤ ለባለቤቴ ስሟን።

ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ጉልበቴ በፈቀደው መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
በመዝገብዎ «ከልክ በላይ ይበላል» ተብዬ የሰፈርኩት አናጢ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ «ማን ያበስልልዎታል?» ብለው ጠይቀውኝ፣ መልሱን ሳይሰሙ ዓይንዎን ወደ ኮምፒውተሩ መልሰዋል። ሌላ ሽማግሌ ሲመጣ፣ እባክዎ፣ እስኪመልስ ቀና ብለው ይጠብቁት። መልስ ካሎሪ የለውም፤ አያወፍርዎትም።