ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ

ጥቅምት 2

እንደ ሌላው ቀን። አሥራ ስምንት ተማሪ ጫንኩ፣ አሥራ ስምንት አወረድኩ። አንዷ ሰርቪሱ ውስጥ ጫማዋን ረስታ በካልሲ ትምህርት ቤት ገባች። ሮጬ አደረስኩላት።

ከሰዓት አከራያችን መጡ። ልጃቸው ልታገባ ነው፣ ቤቱን ለሷ ይፈልጉታል። "እስከ ኅዳር መጨረሻ ብትለቁልኝ..." አሉ አንገታቸውን ደፍተው። ዘጠኝ ዓመት የኖርንበት ቤት። "እንኳን ደስ አለዎት" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ለባሌ ደወልኩ። የመንገድ ቀያሽ ነው፣ ሥራው ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ። "አንቺ ምረጪ። ከተማዋን ካንቺ በላይ የሚያውቃት የለም" አለኝ። እውነቱን ነው። ሰፈሮቹን ሁሉ በጠዋት ፊታቸው አውቃቸዋለሁ፣ ገና ሳይታጠቡ።

ጥቅምት 7

ደላላው ኮረብታው ላይ ያሉትን አዳዲስ ፎቆች አሳየን። አብረውን የሚኖሩትን አማቴንና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ "ጠበቃዋ" እንላታለን። ገና በሩ ሳይከፈት፣ "ስድስተኛ ፎቅ ከሆነ ቆሻሻ የሚያወርደው ማነው?" አለች። አማቴ ደግሞ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። "ወረቀት ነው። ጎረቤት ባስነጠሰ ቁጥር ይማርህ ስንል ልንውል ነው።"

እኔ ወደድኩት። መስኮቱ ሰፊ፣ ከተማዋ እስከ ዳር ድረስ ትታያለች፤ በየአቅጣጫው ክሬን፣ በየአቅጣጫው አሸዋ... ግን ከዚህ ሰፈር አምስት ልጅ እጭናለሁ። አምስቱም ተራርቀው ነው የሚቆሙት። ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ስም አላወቀም።

ባሌ በስልክ፦ "ንፋስ ነው እዚያ። ለእናቴ ደረት አይሆንም።"

እሺ። ሌላ ይፈለጋል።

ጥቅምት 12

ከወንዙ ማዶ። ግቢ ያለው ቤት፣ ጥላው በረንዳውን የሚሸፍን ትልቅ ዛፍ። ጠበቃዋ "ክርክር የለኝም" አለች። ተዓምር!

ባሌ ግን፦ "ያ መሬት ረባዳ ነው። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ሳይጠራ ይገባላችኋል።"

ቀያሽ ባል ያላት ሴት መሬት መምረጥ አይፈቀድላትም?

ጥቅምት 13

መቀመጥ አቃተኝ። ምሳ በቁሜ። "የሚከራይ ቤት" የሚል ወረቀት ባየሁ ቁጥር እግሬ ፍሬን ላይ ነው። ልጆቹ ወደፊት ይደፋሉ። "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?" ሲባባሉ ሰማኋቸው።

ጥቅምት 19

ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ። በአንድ ረድፍ የተሠሩ አሮጌ ቤቶች፣ የጋራ ግቢ። የፋብሪካው ፉጨት ሲነፋ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ስስ ነጭ ብናኝ አለ። አማቴ በጣታቸው ነክተው አዩትና "ሳንፈጭ ዱቄት ልንሆን ነው" አሉ።

ይሄንንም ሰፈር በጠዋት አውቀዋለሁ። ሰባት ልጆች፣ እርስ በርስ እየተጓተቱ። ሜትር አንገቷ ላይ የጠመጠመች ልብስ ሰፊ አለች፤ እጇን ብድግ አድርጋ መኪና ታስቆምና ታሻግራቸዋለች። ለካ የቤቱ ባለቤት እሷ ናት። አማቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ከሷ ጋር ወሬ ጀመሩ። "እንሂድ" አልኳቸው። "ቆይ።" ከግማሽ ሰዓት በኋላ "እንሂድ እንጂ!" "ቆይ አልኩሽ እኮ።"

ባሌ፦ "ጫጫታ ነው። ሌላ ፈልጊ።"

ሌላ ፈልጊ... ሌላ ፈልጊ። "እንግዲያው ቅዳሜ ና፣ አብረን እንይ" አልኩት። እመጣለሁ አለ።

ጥቅምት 24

ቅዳሜ ነው። አልመጣም። የመለኪያ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው አለ።

ጥቅምት 28

አራተኛ ቤት፣ ዋናው መንገድ ዳር። ፎቶ ላክሁለት። "ጠባብ ነው" አለ። ፎቶውን የከፈተው አይመስለኝም።

ኅዳር 4

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ከሰዓት ልጆቹን ከትምህርት ቤት ከማውጣቴ በፊት ነዳጅ ልቀዳ ገባሁ። የባሌን ቡድን ያመላልስ የነበረው ሾፌር ከጎኔ ቆሟል። አየኝና በፈገግታ መጣ።

"እህቴ! እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ!"

"የቱ ቤት?"

"እዚያ ያለው ነዋ! አልጋውን በመኪናዬ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ጓሮው ሲያምር! መቼ ነው የምትሄዱት?"

እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ የማውቅ መስሎት። መንገዱ ነሐሴ ላይ አልቋል። ቡድኑ በሙሉ ወደዚህ ከተማ ተዛውሯል። ባሌም ከነሱ ጋር ሊመጣ ይችል ነበር። እሱ ግን ሥራውን ለቆ እዚያው ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሯል፤ ቤትም ተከራይቷል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት...

"በቅርቡ እንሄዳለን" አልኩት። ለምን እንዲህ አልኩ? አፍሬ ነው መሰለኝ። እኔ ምን አድርጌ ነው የማፍረው?

ከዚያ ልጆቹን መጫን ነበረብኝ። ጫንኩ። በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ ሁሉንም በየደጃቸው አደረስኩ።

ኅዳር 5

ለአማቴ እንዴት ልንገራቸው እያልኩ ሳህን አጥባለሁ። ፎጣ ይዘው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የታጠበውን አንድ ሁለት አደረቁና፣

"ሰማሽ አይደል? ከትናንት ጀምሮ ፊትሽ ይናገራል።" አሉ።

ውኃውን ዘጋሁት። "እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ከመስከረም ጀምሮ። ነይ እኔ ጋ ኑሪ ብሎኝ ነበር። ራሱ ይንገራት ብዬ ጠበቅኩት። ቤት መፈለግ ስትጀምሪ ደግሞ... እስክትመርጪ አልኩ። ሰው ተናዶ ጫማ እንኳ አይገዛም፣ እንኳን ሰፈር ሊመርጥ።"

"ሴት አለች?"

"የለችም። ብትኖርማ ሄጄ ፀጉሯን ነጭቼ እመለስ ነበር። ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ ነው የሚለው። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ አጠገቤ ተቀምጦ የሌለ።"

ብትኖር ይሻለኝ ነበር። ከሴት ጋር መጣላት ይቻላል። ከባዶ ቤት ጋር እንዴት ይጣሏል?

"ታዲያ ይሄዳሉ?" አልኳቸው።

"እኔ? አሳድጌዋለሁ፤ በቃኝ። ካላባረርሽኝ ካንቺ ጋር ነኝ።"

ውኃውን መልሼ ከፈትኩት። ተናድጄባቸዋለሁ። አራት ሰፈር አብረውኝ ዞረው፣ ግድግዳ አንኳኩተው... አንድ ቃል!

ኅዳር 7

ደወልኩለት።

"አወቅሽ ማለት ነው" አለ። ድምፁ የተገላገለ ሰው ድምፅ ነበር። ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

"አራት ሰፈር አዞርከኝ።"

"እንዲመቻችሁ ብዬ ነው..."

"እንዲመቸን ከሆነ ለምንድነው ሁሉንም ውኃ ቀጠነ ያልከው?"

"አንዱን እሺ ካልኩሽ፣ መቼ ትመጣለህ ትይኛለሽ። ያን ጊዜ ልነግርሽ ነው" አለ።

ፈሪ። ግን በዚህ ሁለት ወር እውነት የተናገረው አሁን ብቻ ይመስለኛል።

ኅዳር 8

ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። ስለ ወንዙ ያለውን። "ይገባላችኋል" ነው ያለው። ይገባብናል አላለም። በራሴ እጅ ጽፌው አላየሁትም።

ለልጄ ነገርኳት። "ከእኛ ጋር ስለተጣላ ነው?" አለች። አይደለም አልኳት። "ታዲያ?" አላውቅም አልኳት። ሌላ ጥያቄ ጠበቅኩ። አልመጣም። ተጠግቼ አቀፍኳት።

ኅዳር 12

ዛሬ ልጆቹን ካወረድኩ በኋላ መኪናዋን አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። ብቻዬን። እስከዛሬ ያየሁት ሁሉ በሱ ዓይን ነበር፦ ተዳፋቱ፣ ጎርፉ፣ ንፋሱ። እኔስ? ምን ዓይነት ቦታ ነው የምወደው? ተጠይቄ አላውቅም፤ ራሴንም ጠይቄ አላውቅም።

ከፋብሪካው ጀርባ ቆምኩ። ፉጨቱ ተነፋ። ሠራተኞች ቅንድባቸው ነጭ ሆኖ እየተሳሳቁ ወጡ። አንዲት ሴት ከበረንዳ ላይ ወደ ታች እየጮኸች ሌላዋን ታማክራለች፣ ስለ ጥርስ ሕመም ነው፣ መንገደኛውም ቆሞ መድኃኒት ይናገራል። ጫጫታ ነው። አዎ፣ ጫጫታ ነው! ዘጠኝ ዓመት ስልክ እስኪደወል ጆሮዬን አቁሜ ጸጥታ ውስጥ ኖሬያለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ውሉን ከመርፌ ቆርቆሮዋ ሥር አወጣች። "በባለቤትሽ ስም ይሁን?"

"በእኔ።"

ሁለት ጊዜ ፈረምኩ። የመጀመሪያው ተንጋዶብኝ ነው።

ቤት ገባሁ። አማቴ ቁልፉን አዩ። ሳህን ካጠብንበት ቀን ጀምሮ ከደህና ዋሉ በቀር አልተነጋገርንም። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ፣ "እማማ፣ የእርስዎ አልጋ በየትኛው መስኮት በኩል ይሁን?" አልኳቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። አፍንጫቸውን ጠረጉ። "ሰው በሚያልፍበት በኩል" አሉ።

ኅዳር 27

ገባን። የሰርቪሷን ወንበሮች ፈትቼ ዕቃ ጫንኩባት፣ አራት ምልልስ። ቁም ሣጥኑ በበሩ አልገባ አለ። ከፋብሪካው የወጡ ሁለት ሰዎች ሳይጠሩ መጥተው በመስኮት አስገቡት፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ ሄዱ። ጥቁሩ ቁም ሣጥን የዱቄት መዳፍ ብቻ ሆኗል።

የሱን ልብሶች በካርቶን አሽጌ ላክሁለት። አለቀስኩ። ሹራቡን ሳጥፍ ነው፣ ያን ያህል እንኳ አልወደውም ነበር ሹራቡን።

ታኅሣሥ 20

መጣ። እናቱንና ልጁን ሊያይ። አቅጣጫውን በስልክ ጠየቀኝ፤ "ሰፈርሽ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለ።

ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እንደ እንግዳ። ወለሉ በስተግራ ትንሽ እንደሚያዘቀዝቅ አስተዋለ። ጠበቃዋ፣ "እናውቃለን። ኳስ ሲጠፋብኝ እዚያ ጥግ ነው የማገኘው" አለችው። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እሷ ጥያቄዎቿን ጀመረች፤ ሁሉንም። ተጨንቆ መለሰላት፣ ግን መለሰላት። እኔ ወደ ግቢ ወጣሁ። የነሱ ነው።

ሲሄድ አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

ጥር 5

እሑድ። ግቢው ውስጥ የሰርቪሷን ምንጣፍ ሳጥብ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆሙ። አዲስ የተጋቡ ይመስላሉ። ጥግ ያለው ቤት ሊለቀቅ ነው፣ እሱን ሊያዩ ነው የመጡት። ሰውየው ብቻ ነው የሚናገረው። ውኃው ይጠፋል? ፋብሪካው ስንት ሰዓት ያፏጫል? ዱቄቱ አያስቸግርም? መለስኩለት፣ ሳልደብቅ። ውኃ ማክሰኞ ይጠፋል። ዱቄቱን ትለምደዋለህ፣ ሁልጊዜ ግን ትጠርገዋለህ።

"ሰፈሩ አይሆነንም" አላት ወደሷ ዞሮ ሳያይ፣ "እንሂድ።"

እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። የግቢውን ልጆች ታያለች።

ቧንቧውን ዘጋሁ። "አንቺስ?" አልኳት። "አንቺ ወደድሽው?"

ደነገጠች። ባሏን አየችው፣ ከዚያ እኔን።

"መጀመሪያ ውስጡን ልየው" አለች፤ ቀድማውም ገባች።