ነፋስ አልነበረም

ካይሮ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2005 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ነገሩ የተበላሸው በመጨረሻው የጎልፍ ጉድጓድ መምቻ ላይ፣ ብረቱን ከእጄ ወስደህ ያንን ረጅሙን ዱላ፣ ድራይቨሩን፣ ያስጨበጥከኝ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት አይደለም፤ ከዚያ በኋላም አይደለም። በላክህልኝ ደብዳቤ ውስጥ «ነፋሱ ከተነሣ ወዲህ» የሚል ቃል ሦስት ቦታ ስላየሁ፣ ሰላምታዬን እንኳ ሳላስቀድም ላርምህ ብዬ ነው።

ሰላምታው ይኸውና። ለጤናህ እንዴት ነህ? የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህን ያምምህ የነበረው ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። ናስር ሲቲ ውስጥ ከየውብዳር ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የውብዳር ሞሃንዲሲን ሰው ቤት የምትሠራው የጎንደር ልጅ ናት፤ ታውቃታለህ፣ አንድ ጊዜ ጫማህን ሰፍታልሃለች። ሰሞኑን እንደገና ሰዓት እላፊ ስለታወጀ ከሥራ በቀር የትም አንወጣም። ከጥቁር በቀር ሌላ ልብስ ካልለበስኩ አርባ ቀን ሆነኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። «ጋሼ» ብዬ አለመጀመሬን አስተውለህ ይሆናል። ረስቼ አይደለም።

የጠየቅከኝ አንድ ነገር ነው። አባባ ከግንቦት ጀምሮ እሁድ እሁድ ስትደውል ስልኩን አያነሳልህም። «አንቺን ያምንሻል፤ ነፋስ ነበር በይውና አስታርቂኝ» ብለሃል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ያን ቀን እኔ ከቆምኩበት ሆነህ እየው።

ጥር 23 ነበር፣ 2003። ታህሪር በሰው ተሞልቷል፤ ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ የቀለበት መንገዱ ላይ ታንክ ቆሟል። ከ6ኛ ኦክቶበር ከተማ ወዲያ በረሃ መሐል ሣር አብቅለው በአጥር የተከለሉት ሰዎች ግን ያሳሰባቸው የካዲዎቻቸው፣ የዱላ ከረጢት ተሸካሚዎቻቸው፣ መጥፋት ነበር። ግብፃውያኑ ካዲዎች ግማሾቹ ታህሪር ወርደው፣ ግማሾቹ ዱላ ይዘው የየሰፈራቸውን መግቢያ ይጠብቁ ነበር። ከረጢት የሚሸከም የቀረው አንተ ብቻ ነበርክ። እኔ የሀብታሙ ጌታዬ፣ የፓሻው፣ ልጆች ሞግዚት ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ ከአገሬ ሸሽቼ መጥቼ የሰው ልጅ አፍንጫ እጠርግ ነበር። ሥራውን ያገኘህልኝ አንተ ነህ። ፓስፖርቴንም «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ እዚህ አገር ወጉ ነው» ብለህ ለፓሻው ያስረከብከው አንተው ነህ።

ባሽሙሃንዲስ የሚሉት ጎረቤቱ መሐንዲስ ከልጁ ጋር ሊጫወት መጣ። ልጁ ለንደን የሚማር፣ ጓንቱ ብቻ የእኔን የወር ቀለብ የሚያህል። ፓሻው ልጆቹን ኳስ ሳስመታ አይቶኝ ኖሮ፣ «የእኔ ሐበሻ ልጅህን ታሸንፈዋለች» አለ። ሳቁ። «ካሸነፈች ምን ትሰጣታለህ?» ቢለው፣ «ፓስፖርቷን!» አለና የባሰ ሳቁ። ባሽሙሃንዲሱ ቀጠለ፤ «ከተሸነፈች ግን ለእኔ ናት። እናቴን የምታነሣ የምታስተኛዋ ሴትዮ ጥላን ሄዳለች። ፓስፖርቷም አብሮ ይመጣል።» እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አረብኛ እንደምሰማ ያውቃሉ። አንተ ከረጢቱን አስተካክለህ ትከሻህ ላይ አደረግህ።

እንዴት እንደተጫወትኩ ታስታውሳለህ? ልጁ በመታ ቁጥር ኳሱ ከእኔ እጅግ ርቆ ይሄዳል፤ ከዚያ ከአሸዋ ውስጥ ሲፈልገው ይቆያል። እኔ አጭር እመታለሁ፣ ኳሴ ሣር ላይ ትቀመጣለች፣ ሄጄ እመታታለሁ። አባባ የአዲስ አበባን የጎልፍ ሜዳ ሠላሳ ዓመት ከረጢት ተሸክሞ ሲረግጥ ያተረፈልን ውርስ ይኸው ነበር፤ «አርቆ ለመታ ይጨበጨብለታል፤ አቅንቶ የመታ ኳሱን ያገኛታል።» ባሽሙሃንዲሱ «አሮጊት ነው የምትጫወተው» እያለ ያፌዝ ነበር። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ እኩል ነበርን።

ልጁ ቀድሞ መታ። ኩሬ ውስጥ ገባ። ፓሻው «ኸላስ፣ አለቀ!» ብሎ ጭኑን መታ።

እኔ አምስት ቁጥር ብረት ይዤ ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ሣሩ እንደ አንገት ይጠብባል፤ በግራ ኩሬው፣ በቀኝ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወዲያ በረሃው። ሣሩ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በሁለተኛው፣ ቢበዛ በሦስተኛው ምት ባንዲራው ሥር እደርስ ነበር፤ ልጁ ገና ከኩሬው ጋር ይጨቃጨቃል። ያን ጊዜ ነው የመጣኸው። ብረቱን ከእጄ ወሰድክ። የድራይቨሩን ኮፍያ አውልቀህ ኪስህ ከተትክና «በዚች ምን ልትሠሪ ነው? ሰው ፊት አታሳፍሪኝ። ምቺው!» አልከኝ፣ በአማርኛ። ለእነርሱ ደግሞ በአረብኛ «እህቴ ፈሪ ናት» ብለህ ፈገግ አልክላቸው።

እንደማይሆን አውቄ ነበር። የተቀበልኩህ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ። አንደኛ፣ ታላቅ ወንድም ባዕድ ፊት ሲናገር ታናሽ አይመልስም፤ እንዲያ ተደርጌ ነው ያደግሁት፤ ያሳደግከኝም አንተ ነህ። ከዚያ ደግሞ ካዲዬ ነበርክ። የአባባን ቃል ረሳኸው እንዳልል ከእኔ በፊት የሰማኸው አንተ ነህ፤ «ካዲ የሰጠህን ዱላ አትመልስበት፤ ኳሱ ከጠፋ ጥፋቱ የሰጪው ነው።» ጋሼ አልኩህ፣ ድራይቨሩን ጨበጥኩ። የእኔ ጥፋት ይኼ ነው። አልክደውም።

በዕድሜዬ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። ድምፁን ራሱ ወደድኩት። ኳሷ አንገቱን አልፋ፣ ኩሬውን አልፋ፣ ወደ ቀኝ እያጋደለች አጥሩን ተሻግራ በረሃ ገባች። ከአጥር የወጣች ኳስ እንደ ጠፋች ትቆጠራለች፤ ጨዋታውም በእርሷ ሄደ። አጨበጨቡልኝ። ባሽሙሃንዲሱ አጨበጨበ፣ ልጁ አጨበጨበ፣ ፓስፖርቴን የተበላው ፓሻ እንኳ «ወላሂ፣ ሐበሻዋ!» እያለ አጨበጨበ። ሁሉም ኳሷ የሄደችበትን ያዩ ነበር። አንተ ግን ባሽሙሃንዲሱን ነበር የምታየው።

ስለ ነፋሱ አንድ ነገር ልንገርህ። ከመምታቴ በፊት ባንዲራውን አይቻለሁ። ማንም ከመምታቱ በፊት ባንዲራውን እንዲያይ ያስተማረን አንድ ሰው ነው። እንደ እርጥብ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንተ ዱባይ ገባህ፣ ባሽሙሃንዲሱ ባገኘልህ የጎልፍ ሜዳ ሥራ። እኔ በዚያው አጥር ውስጥ ያለውን የእናቱን ቤት ገባሁ። አሥራ ሰባት ወር። አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ሆና በከዘራ ነበር የምትጠራኝ፤ ስትደርስብኝ ጉልበቴን፣ ሳትደርስብኝ ግድግዳውን። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አርቃ የመታችው ይቺ ናት» ብላ ታሳየኛለች፤ እንግዶቹ ክንዴን ዳብሰው ይስቃሉ። አንድ ቀን እግሯን ሳጥብ «ልጄ ለወንድምሽ ቦታ ያገኘለት ለዓይኑ ብሎ ይመስልሻል?» አለችኝ። ውኃውን ሳልደፋ እስከ መጨረሻው አጠብኳት።

አዲሱ ፕሬዚዳንት በታወጀበት ቀን አሮጊቷን ጭምር ሳሎን አውጥተው ቤተሰቡ በሙሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ተተክሎ ሳለ ፓስፖርቴን ከአሮጊቷ ፍራሽ ሥር አውጥቼ ወጣሁ። አጥር አልዘለልኩም፣ አልሮጥኩምም። በሣሩ ላይ፣ በዚያው አንገት በኩል፣ ከዛፍ እስከ ዛፍ፣ ከዛፍ እስከ ዛፍ እያልኩ ዋናው በር ደረስኩ። ዘበኛው ወዴት ነው ቢለኝ «ፋርማሲ» አልኩት። አንዲት ቃል። አሁን እዚያው 6ኛ ኦክቶበር የስደተኞች መርጃ ቢሮ አስተርጓሚ ነኝ፤ ሁለት ማይክሮባስ ለውጬ እሄዳለሁ። የአገራችን ሰዎች ጆሮዬ ሥር «ትንሽ ጨምሪበት እንጂ፣ ያዕኒ፣ እንዲያዝኑልን» ይሉኛል። ያሉትን እንጂ አልጨምርም። ክፉ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ።

አሁን ወደ አባባ። አንተ ከዱባይ ደውለህ «ብረት ሰጥቻት እምቢ ብላ፣ ጉራዋን ልታሳይ ድራይቨሩን ነጠቀችኝ፤ ነፋስ ወሰደባት» ብለኸው ነበር። እርሱም ደውሎ «ልጄ፣ ዱላውን ማን ነው የሰጠሽ?» ሲለኝ «እኔው ነኝ ያነሣሁት» አልኩት። ልጅህ ሸጠኝ ብዬ ለአባት እንዴት እናገራለሁ? ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ያንን ውሸት ተሸከምኩልህ። ጎረቤታችን ወለተማርያም እንደነገረችኝ፣ ሜዳው ላይ አብረውት የኖሩ ካዲዎች ስለ እኔ ሲጠይቁት «ስግብግብ ሆና ቀረችብኝ» ይላቸው ነበር። እኔን። አጭር መምታት ያስተማረኝን እኔን።

ግንቦት ላይ ደወለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ እኔም እውነቱን ነገርኩት። «እስከ አንገቱ ስንት እርምጃ ይሆናል?» አለኝ። ነገርኩት። «አምስት ቁጥር ይበቃ ነበር» አለ። ቀጥሎ «ባንዲራውስ?» አለ። «አይነቃነቅም ነበር» አልኩት። ስምህን አልጠራም። መረቀኝና ዘጋ።

እንግዲህ ስለ ስልኩ። ግንቦትና ሰኔ ያላነሣልህ ማንሣት ስላልፈለገ ነው። የሐምሌውን ግን በእርሱ ላይ አትቁጠርበት።

የአባባ የጎልፍ ጓንት እኔ ዘንድ ናት። ወለተማርያም ከሰዓቱና ከዳዊቱ ጋር በሰው ላከችልኝ። የመዳፏ ቆዳ አልቋል፤ የአውራ ጣቷን ቀዳዳ ራሱ በነጭ ክር ሰፍቶታል። ለአንተ የተላከ ዕቃ አለ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። የለም ብላኛለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ካሣዬ ነው፤ ከካይሮ ወደ ዱባይ የሚመላለሰው። አርብ ማለዳ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ብቻውን አይመጣም። ከሰፈርህ ሦስት አራት ትልልቅ ሰዎች ይዞ ይመጣል፤ ቁጭ በሉ በላቸው። አንብበህ እስክትጨርስ ምንም እንዳይናገሩ አደራ ብያለሁ። በደብዳቤ እንደማይደረግ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ሰዎቹን የላክሁልህ። አርባ ቀን ማዘግየትም አይገባም ነበር። እርሱን አስቤበት ያደረግሁት ነው።

አሁን ቀና በልና እያቸው።

ወገብህን እግዚአብሔር ያጽናልህ። ያለህበት አገር የሰው ፊት አያሳይህ። ልጅ ብትወልድ፣ የሚታመንብህ ልጅ ይስጥህ።

በእነዚያ ሰዎች ፊት እንደፈለግህ አልቅስ፤ ደረትህንም ምታ፣ መብትህ ነው። አንድ ነገር ግን ከእንግዲህ ከአንተም፣ ከማንም አልቀበልም፤ ከእጄ የተወሰደብኝን ነገር ነፋስ ወሰደው ሲባል።

የአባባ ልጅ፣
እህትህ