ለእሁድ የተያዘልኝ ምስክርነት

ሰኞ

እሁድ መድረክ ላይ ልወጣ ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ጋሽ ጴጥሮስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ዛሬ ቤት መጥተው ከእማዬ ጋር ጨርሰውታል። «አቤኔዘር፣ እግዚአብሔር ከሞት እንዴት እንዳወጣህ ትመሰክራለህ። ወጣቱ መስማት አለበት» አሉኝ። እማዬ በደስታ አለቀሰች። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ከሰሜኑ ጦርነት ከተመለስኩ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። አንድም ቀን አልጸለይኩም። ማዕድ ሲባረክ ጎንበስ እላለሁ፣ «አሜን» እላለሁ፤ አፌ ለምዶታል። ወታደር ከመሆኔ በፊት መዘምራኑን የምመራው እኔ ነበርኩ። ስሜን ያወጣችው እማዬ ናት፤ እስከዚህ ጌታ ረዳን ማለት ነው። አሁን ስትጠራኝ እሸማቀቃለሁ።

ጦር ሜዳ ፈርቻለሁ። እንዲህ ግን አልፈራሁም።

ማክሰኞ

ኦቶና ሆስፒታል ሄጄ የእግሬን ቁስል አሳየሁ። እየዳነ ነው አሉኝ። ስመለስ ባጃጁ ውስጥ መዝሙር ተከፍቷል፤ ድሮ የምመራው መዝሙር። ላብ አጠመቀኝ። ቤት ሳልደርስ «ወራጅ!» ብዬ ወረድኩና እያነከስኩ መጣሁ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ምሽግ ውስጥ እኔና ምናሴ በየጠዋቱ አብረን እንጸልይ ነበር። ምናሴ የቢጠና ከተማ ልጅ ነው፤ ስልጠና ላይ ነው የተዋወቅነው። አንድ ጠዋት ንፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ ከወዲያኛው ምሽግ ድምፅ ሰማን። እነሱም እየጸለዩ ነው። ቋንቋቸውን አናውቅም፣ የጌታን ስም ግን ለየነው። ምናሴ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«አቤ፣ እኛን ከሰማ እነሱን ምን ይላቸዋል?»

ከዚያ ወዲህ አብረን አልጸለይንም። ብዙም ሳይቆይ የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ሆዱን መታው። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የጸለይኩት ያኔ ነው፤ በጩኸት፣ እንደ እብድ። ሞተ።

ረቡዕ

ሌላ ዱብ ዕዳ። የምናሴ እናት፣ እማማ ዘነበች፣ ለእሁዱ ሊመጡ ነው። የደወለችላቸው እማዬ ናት። «ልጃቸው በእምነት እንደሞተ ካንተ አፍ ይስሙ፤ ይጽናናሉ» አለችኝ። የምወደውን ምግብ፣ ፎሰሴ፣ ሠርታልኝ ነበር፤ ሳልነካው ተነሳሁ።

ምን አማራጭ አለኝ? ኢየሱስ እያለ ሞተ ብዬ ልዋሽ? ታምሜያለሁ ልበል? ልጥፋ?

ሐሙስ

ልጠፋ ነበር። መናኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ አረካ፣ ታላቅ እህቴ ሊዲያ ጋ። የሄድኩት ለመደበቅ ነው፣ ነገር ግን ገና ደጃፏ ላይ እንደቆምኩ አመለጠኝ።

«ሊዲያ፣ ማመን አቅቶኛል።»

መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው፣ የሰማ ጎረቤት እንዳለ። ከዚያ በወላይትኛ አንሾካሾከች፤ «ጦሳን ካድክ?» እግዚአብሔርን ማለቷ ነው።

«አልካድኩም። ስጠራው የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «ቃላቱን ታውቃቸው የለ? ዝም ብለህ በላቸው። እማዬን ትገድላታለህ» አለችኝ። ከጩኸት ይህ ባሰ። የምታጠባውን ልጅ አስታቀፈችኝና ቡና ልታፈላ... አይ፣ ልታለቅስ ነው ጓዳ የገባችው። ሰማኋት።

በመጣሁበት ተመለስኩ። እማዬ ሸሚዜን አጥባ አስጥታለች፤ ለእሁድ።

ዓርብ

ምንም አልሠራሁም። የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዋለ። የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንድ ነገር ሲወድቅ መሬት ላይ ተኝቼ ራሴን አገኘሁት። እማዬ አላየችኝም። ተመስገን ልል ነበር። ማንን?

ቅዳሜ

እማማ ዘነበች ዛሬውኑ መጡ፣ ብቻቸውን። እማዬ ገበያ ነበረች። ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር በጆንያ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ ገና ሳያቸው ለየኋቸው፤ የምናሴ ዓይን ነው ያላቸው። ያዘጋጀሁት ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም።

«ምን ብሎ ሞተ?»

«እርስዎን ጠራ» አልኩ። እውነቱ ይኸው ነው። «አልጸለየም፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ። እናቴ ነው ያለው፣ ደጋግሞ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አሁን ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሲቆይ ግን እንዲህ አሉኝ፤ «ቀድሜ የመጣሁት ልለምንህ ነው፣ ልጄ። ነገ ‘እኔን መርጦ አዳነኝ’ እንዳትል። ተንበርክኬ ለምኜዋለሁ እኮ እኔም፤ ዛሬም እለምነዋለሁ። አንተን ስለሚወድ አወጣህ ከተባለ የኔን ለምን ጠላው? ይህን በሰው ፊት አልሰማውም። አልችልም።»

እጃቸውን ያዝኩ። ሁለታችንም ስናለቅስ እማዬ ገባች። የሐዘን ብቻ መሰላት፤ እሷም አብራን አለቀሰች።

እሁድ

ወጣሁ።

ማይኩን ተቀበልኩ። ሰው «ሃሌሉያ» እያለ ገና ሳልጀምር ያጨበጭባል። እማማ ዘነበች ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ። እማዬ ከፊት።

«ምናሴ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አልኩ። «ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር። እሱ ሞተ፣ እኔ ተረፍኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጌታ መረጠኝ ልላችሁ አልችልም። ከሞተ ወዲህ መጸለይም አልቻልኩም።»

ጭብጨባው ቆመ። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ከመካከል አንድ ሰው «በኢየሱስ ስም!» ብሎ ጮኸ፤ እኔን ይሁን ሰይጣንን የገሠጸው አልገባኝም። ጋሽ ጴጥሮስ ማይኩን ቀስ ብለው ተቀበሉኝ። «በሚመጣው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ያነጋግሩሃል» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ነው ወይስ ሐዘን? አልለየሁትም። እማማ ዘነበች ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገውኝ አለፉ።

እማዬ መንገዱን ሁሉ ቀድማኝ ሄደች። ቤት ገብታ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኛች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ መድረክ ይልቅ ይህን በር ፈራሁት።

ፊቷን ሳታዞር «ዕድሜው ስንት ነበር?» አለችኝ።

«የማን?»

«የዘነበች ልጅ።»

«የእኔ እኩያ ነው።»

አልጋዋ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ና፣ ንገረኝ። እንዴት ያለ ልጅ ነበር?»

ተቀምጬ ነገርኳት። ሲስቅ እንዴት እንደሚያስነጥሰው፣ ካልሲውን ለእኔ እንደሰጠኝ፣ ሁሉንም። ስለ እኔ ምንም አልጠየቀችኝም። ነገ ትጠይቀኝ ይሆናል። አሁን ግን እንቅልፍ ወስዷታል፤ እጇ ክንዴ ላይ ነው፤ ይህን የምጽፈው በሌላው እጄ ነው።